ስምንተኛው ሺ ከገባ ስንት ዓመቱ ነው?

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወንድሞችና እህቶች። ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ የዳንኤልን ቁጥር ከዮሐንስ ራእይ ጋር ደምሮ አባዝቶ «በዚህ ዓመት ያልቃል» የሚል ቪዲዮ በየስልኩ እየዞረ ነው፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ያሉ ተማሪዎች ሳይቀሩ «ታዲያ መመረቂያ ጽሑፍ ምን ያደርግልናል» ይላሉ፣ ቀልድ ቢመስልም ከስሩ ፍርሃት አለ። አይፈረድባቸውም፣ ባሕር ዳር ተቀምጦ በዚህ ሁለት ሦስት ዓመት «መጨረሻው ደረሰ እንዴ» ብሎ ያላሰበ ያለ አይመስለኝም።

መጀመሪያ የራሳችንን ሂሳብ እንይ። እናቶቻችን ክፉ ነገር በሰሙ ቁጥር «ስምንተኛው ሺ!» ይላሉ አይደል፣ ዓለም የሚያልቅበት ሺ ደረሰ ማለታቸው ነው። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ቆጠራ፣ ዘመነ ብሉይ ማለትም ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ነው፣ 2018ን ስትደምሩበት 7518 ይመጣል። ሰባት ሺው የሞላው እኮ በ1500 ዓ.ም ነው፣ ስምንተኛው ሺ ከገባ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል! ገና ይመጣል ብለን የምንፈራው ዘመን ውስጥ ነው አባቶቻችን የግራኝን ጦርነት ያለፉት፣ ጎንደርን የቆረቆሩት፣ በ1888 ዓድዋ የዘመቱት።

ወደ ዳንኤል ስንመጣ ምዕራፍ 9 ላይ ሰባ ሱባዔ አለ፣ አንዱን ሱባዔ 7 ዓመት ብለው ሲይዙት 490 ዓመት ይሆናል። መነሻው ላይ ግን ሊቃውንቱ ራሳቸው አይስማሙም። አንዱ ከአርጤክስስ 7ኛ ዓመት፣ ዕዝራ 7 ላይ ካለው፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ457 ይነሳና 69ኙን ሱባዔ፣ 483 ዓመት ቆጥሮ በፈረንጆቹ 27 ዓ.ም ይደርሳል፣ የጌታ ጥምቀት ነው ይላል። ሌላው ከ20ኛው ዓመት፣ ነህምያ 2 ላይ ካለው ይነሳና ዓመቱን 360 ቀን አድርጎ ወደ ስቅለቱ ሰሞን ያደርሰዋል። ሁለቱም ክርስቶስ ላይ ማረፋቸው ያስደስታል፣ ግን አንደኛው የዓመቱን ርዝመት ሳይነካ ሌላው አሳጥሮ ነው እዚያ የደረሱት። የቀረችውን አንዲት ሱባዔ ደሞ ገሚሱ እዚያው በጌታ ዘመን ተፈጸመች ይላል፣ ገሚሱ ቆርጦ የዓለም መጨረሻ ላይ ያስቀምጣታል፣ ቲክቶኩ የሚነግድባት በዚችው በተቆረጠችው ነው።

ራእይ 11 ላይ 42 ወር እና 1260 ቀን አለ፣ ምዕራፍ 12 ላይ ዘመን ዘመናት የዘመንም እኩሌታ ይላል፣ ያው ሦስት ዓመት ተኩል ነው። 42ን በ30 ስታባዙ ልክ 1260 ይመጣል። ጳጉሜስ የት ሄደች? ሰው እንዲህ ጳጉሜን ያልቆጠረ ቁጥር ይዞ በፈረንጅ ካላንደር ላይ ቀን ሲቆርጥ ይገርመኛል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ሕዝቅኤል 4ን ጠቅሶ ቀኑን ሁሉ ዓመት ያደርገዋል።

እኔ እንደሚገባኝ ቁጥሩ የተሰጠው ለሌላ ነገር ነው። ዳንኤል 12 ላይ የተጠየቀው «እስከ መቼ ነው?» ተብሎ ነው፣ ይሄ መከራ ውስጥ ያለ ሰው ጥያቄ ነው። መልሱም ልክ አለው፣ ወሰን አለው፣ ግማሽ ላይ ይቆረጣል የሚል ነው፣ ሰባት ሳይሞላ ሦስት ተኩል ላይ። አንጾኪያዊው ንጉሥ አንጥያኮስ የኢየሩሳሌሙን መቅደስ ሲያረክስባቸው የነበሩት አይሁድ ይሄን ሲሰሙ ምን እንደተሰማቸው አስቡት እስቲ። ዳንኤል ራሱ እንኳን ሰምቶ እንዳላስተዋለ ተጽፏል፣ የተባለውም ሂድ ነው፣ ዕጣ ክፍልህ ይጠብቅሃል ነው። ጌታም ለሐዋርያት ወራትንና ዘመናትን ማወቅ ለእናንተ አልተሰጣችሁም ነው ያላቸው።

ደሞ ሰባ ሱባዔው ለዳንኤል የመጣለት ምን ሲያደርግ ነው? ኤርምያስ ስለ ባቢሎን ምርኮ የተናገረውን 70 ዓመት አንብቦ፣ ጊዜው እንደቀረበ እያወቀ፣ ማቅ ለብሶ አመድ ነስንሶ ጾመ፣ «እኛ ኃጢአት ሠርተናል» ብሎ የሕዝቡን በደል በራሱ አፍ ተናዘዘ። ከምዕራፉ 27 ቁጥሮች አብዛኛው ጸሎት ነው፣ ሱባዔው መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር ብቻ ነው፣ እኛ ግን ጸሎቱን ዘለን አራቷ ላይ ነው ካልኩሌተር የምናወጣው።

ኤርምያስ 29ን ክፈቱት፣ 70 ዓመቱን የሚናገረው ያው ደብዳቤ ላይ ምርኮኞቹን ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ የከተማይቱን ሰላም ፈልጉ ይላቸዋል። ቀኑ የተነገራቸው ሰዎች ናቸው ትከሉ የተባሉት። ዘጌ ላይ ዘንድሮ ቡና የሚተክል ሰው ፍሬ እስኪያይ ሦስት አራት ዓመት ይጠብቃል፣ እና እሱ ከቪዲዮው ሰውዬ ይልቅ ለኤርምያስ የቀረበ ይመስለኛል። ጽሑፋችሁን ጨርሱ ተመረቁ በቃ፣ ንስሐውም ጾሙም እንዳለ ሆኖ።

ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን 2300 ማታና ጠዋት አልነካሁትም፣ በፈረንጆቹ 1844 ጌታ ይመጣል ተብሎ ሳይሆን የቀረውን ስሌት ጎትቶ ስለሚመጣ ለብቻው ይሻላል፣ እስከዚያ ዳንኤል 9ን ከቁጥር 1 እስከ 19 ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡልኝ።