የመቆም ችግር ምንድን ነው?

ስልካችሁ ላይ ያቺ ክብ ምልክት መሽከርከር ጀመረች እንበል። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት። ልጠብቅ ወይስ አጥፍቼ ላብራው? ፕሮግራሙ ሥራ በዝቶበት ሊሆን ይችላል፤ ትንሽ ብትታገሱት ይጨርሳል። ወይም አንድ ቦታ ላይ ተቸንክሮ ይዞራል፤ እስከ ነገ ብትጠብቁትም አይጨርስም። ከውጭ ለሚያየው ሁለቱም አንድ ናቸው።

ታዲያ የሚለይልን ሌላ ፕሮግራም ብንጽፍስ? የትኛውንም ፕሮግራም ሲሰጡት «ይቆማል» ወይም «አይቆምም» የሚል፣ አንድም ቀን የማይሳሳት። «ሃልቲንግ ፕሮብሌም» የሚባለው፣ በእኛ የመቆም ችግር ልንለው የምንችለው፣ ይህ ጥያቄ ነው። መልሱ ታውቋል፦ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሊኖር አይችልም። የማስረጃው ሥር እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ያወጣው ጽሑፍ ነው። ያኔ ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ኮምፒውተር ገና አልተሠራም ነበር። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይህ ነው።

ማስረጃውን ረጋ ብላችሁ ተከተሉኝ። ያ ፕሮግራም አለ እንበልና «አዋቂ» ብለን እንጥራው። እኔ ደግሞ «እምቢተኛ» የሚባል እጽፋለሁ። እምቢተኛ አንድ ፕሮግራም ይቀበልና አዋቂን «ይሄ ፕሮግራም የራሱን ኮድ ቢሰጡት ይቆማል?» ብሎ ይጠይቀዋል። አዋቂ «ይቆማል» ካለ፣ እምቢተኛ ለዘላለም ይዞራል። «አይቆምም» ካለ፣ ወዲያው ይቆማል። አሁን ለእምቢተኛ የራሱን ኮድ እንስጠው። አዋቂ «ይቆማል» ቢል አይቆምም። «አይቆምም» ቢል ይቆማል። ምንም ቢመልስ ተሳሳተ። ስለዚህ የማይሳሳት አዋቂ የለም።

ልብ በሉ፣ ነገሩ የፍጥነት ወይም የገንዘብ አይደለም። የፈለገ ኃይለኛ ማሽን ቢመጣ እምቢተኛን አያልፈውም።

ይህ ማለት ግን የአንዱንም ፕሮግራም ዕጣ ማወቅ አይቻልም ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ይታወቃሉ። አንዳንዶቹ ግን ትንሽ መስለው ያስቸግራሉ። ከ1 ጀምሮ ካሉት ሙሉ ቁጥሮች አንዱን ያዙ። ለሁለት እኩል ከተካፈለ ግማሹን ውሰዱ፤ ካልተካፈለ በ3 አባዙና 1 ጨምሩ። 1 ላይ ስትደርሱ አቁሙ። ከ6 ብትነሡ 3፣ 10፣ 5፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1፤ አለቀ። ከ27 ብትነሡ ግን 111 እርምጃ ይፈጃል፤ መሐል ላይ 9232 ድረስ ይወጣል። ለዚህ ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃል። ከየትኛውም ቁጥር ቢነሣ እንደሚቆም ግን እስከ ዛሬ ያረጋገጠ ሰው የለም።

እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ከየአገሩ በኢንተርኔት የተሰባሰቡ ሰዎች ደስ የሚል ሥራ ሠሩ። የቱሪንግ ማሽን ማለት ቱሪንግ በዚያ ጽሑፉ በሐሳብ የፈጠረው ቀላል ኮምፒውተር ነው፦ በረጅም ጥብጣብ ላይ ምልክት እያነበበና እየጻፈ፣ ካነበበው ምልክትና ካለበት «ሁኔታ» ተነሥቶ ቀጣዩን እርምጃ ይወስናል። ሰዎቹ አምስት ሁኔታና ሁለት ምልክት ብቻ ያላቸውን እንዲህ ያሉ ማሽኖች ሁሉ መርምረው፣ ከባዶ ጥብጣብ ሲጀምሩ የትኛው እንደሚቆም የትኛው እንደማይቆም ለዩ። ከሚቆሙት ረጅሙ 47,176,870 እርምጃ ይሄዳል። ይህ ማሽን እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ከእሱ በላይ የሚሄዱት በሙሉ መቼም እንደማይቆሙ ለማረጋገጥ ግን 35 ዓመት ፈጀ። አሁን ተመራማሪዎቹ ስድስት ሁኔታ ያላቸው ላይ ናቸው፤ እዚያ ደግሞ የዚያ የ3 ብዜት ጨዋታ ዘመድ የሆነ ማሽን መንገዱን ዘግቶ ይጠብቃቸዋል።