መድኃኒት በሰውነት ውስጥ እንዴት ይሰራጫል?

የመድኃኒት ሥርጭት ማለት ደም ውስጥ የገባ መድኃኒት ወደ ልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች የሚዳረስበት ሂደት ነው። ፋርማሲ መስኮት ላይ "ይሄ ክኒን ራሴን እንዳመመኝ በምን ያውቃል?" የሚል ሰው አይጠፋም። አያውቅም። ደም በሄደበት ይሄዳል፤ ራስ ጋ ሲደርስ እግር ጣትም ጋ ይደርሳል።

የተዋጠ ክኒን በአብዛኛው ከትንሹ አንጀት ወደ ደም ይገባል። የመጀመሪያው ኬላ ጉበት ነው፤ እሱም ብዙውን መድኃኒት ድርሻውን ሳይቀንስ አያሳልፍም። ምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን የተባለ የልብ ሕመም መድኃኒት ይህን ኬላ ያመልጣል። ከዚያ ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ደም ይረጫል። አንጎል፣ ጉበትና ኩላሊት ቀድመው ይደርሳቸዋል፤ ጡንቻና ቆዳ ይከተላሉ፤ ስብ መጨረሻ ነው።

ብዙ መድኃኒት ደም ውስጥ አልቡሚን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ዋርፋሪን የተባለው የደም መርጋት መከላከያ 99 በመቶው ተጣብቆ ነው የሚዞረው፤ ሥራ የሚሠራው ቀሪው ነው። ሌላ መድኃኒት ከአልቡሚኑ ገፍትሮ ቢያስለቅቀው አደጋ ይመጣል የሚለው የቆየ ትምህርት ግን ዛሬ እንደ ድሮው አያስማማም።

ክሎሮኪን ሌላ ዓመል አለው። በአገራችን ቫይቫክስ ለሚባለው ወባ ይታዘዛል። ከደም ሸሽቶ ሌላው አካል ውስጥ ይከማቻል። ደም ውስጥ ከቀረችው ትንሽ መጠን ተነስተን ብናሰላ፣ ሰውየው በሺህ የሚቆጠር ሊትር ውኃ የያዘ ይመስላል! የሦስት ቀኑ ሕክምና መጀመሪያ በዛ ብሎ መጨረሻ ላይ የሚያንሰውም ለዚህ ነው፤ ጎተራው ቀድሞ መሙላት አለበት።

አንጎል ግን አጥር አለው። በ1885 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ፖል ኤርሊሽ እንስሳት ደም ውስጥ ቀለም ጨመረ። ሌላው አካል ሲቀባ አንጎል አልተቀባም። ኤርሊሽ አንጎል ቀለሙን ስለማይዝ ነው ብሎ አሰበ። በ1913 ኤድዊን ጎልድማን ሰማያዊ ቀለም በቀጥታ የአንጎል ፈሳሽ ውስጥ ሲጨምር ግን አንጎሉ ሰማያዊ ሆነ፤ የቀረው አካል አልተነካም። አንጎል ቀለም አልጠላም ነበር፤ መንገዱ ተዘግቶ ነው። እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉት የድሮ የአለርጂ ክኒኖች የሚያስተኙት ይህን አጥር ስለሚሻገሩ ነው። እንግዴ ልጅ እንደዚህ አይከላከልም፤ አብዛኛውን ያሳልፋል።

ሥርጭትን በዓይኑ ማየት የፈለገ ሪፋምፒሲን የጀመረ የቲቢ ታካሚን ይጠይቅ። ሽንቱ፣ ላቡ፣ እንባው ሳይቀር ብርቱካንማ ይሆናል። "ደም ሸናሁ" ብሎ ተደናግጦ የሚመጣ አለ። ደም አይደለም፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። ጎበዝ ፋርማሲስት ይህን ክኒኑን ሲሰጥ ነው የሚናገረው፤ ዓይኑ ላይ ሌንስ የሚያደርግ ከሆነም እንዲያወልቀው ይመክረዋል።