ሴቶች በኢትዮጵያ የግል ፊልምና የቴሌቪዥን ሥራ

ኢትዮጵያ ውስጥ የግል ፊልም ሲባል ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ከራሱ፣ ከዘመድና ከወዳጅ ባሰባሰበው ገንዘብ የሚሠራው፣ የመንግሥት ድጎማም የስቱዲዮ ካፒታልም የሌለው ሥራ ማለት ነው። የቴሌቪዥኑም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ድራማውን ወይም ሾውን የሚያዘጋጀው ድርጅት ከጣቢያው ውጭ ሆኖ ቀርጾና አቀናብሮ ያቀርባል። በዚህ መስክ ሴት ያልነበረችበት ጊዜ የለም። በ1957 ዓ.ም. የታየው የመጀመሪያው ባለ 35 ሚሊ ሜትር ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» ርዕሱ እንኳ በሴት ስም ነው። ከካሜራ ፊት መቆምና የፊልሙ ባለቤት መሆን ግን ለየቅል ናቸው፤ በሙያው ረጅም ጊዜ የቆዩትን ሴቶች ብንመለከት አብዛኞቹ ፕሮዲውሰርነቱንም አብረው የያዙ ናቸው።

በባለቤትነት ቀድመው ከታዩት መካከል በውጭ አገር የኖሩት ይገኙበታል። ሳሌም መኩሪያ ቦስተን ባለው የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሠርተው ወደ ግል ዶክመንተሪ ከተሻገሩ በኋላ፣ ሱዳን ስለተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ሴቶች የሚናገረውን «ስደት»ን እ.ኤ.አ. በ1991 አወጡ፤ «የወንዝ ማዕበል» ደግሞ በአብዮቱ ዘመን የጠፉትን የራሳቸውን ሰዎች ይዞ የመጣ ሥራ ነው። በዌልስሊ ኮሌጅ እያስተማሩ መሥራታቸውን ልብ ማለት ይገባል፤ ዶክመንተሪ ለብቻው ቤት ኪራይ አይከፍልምና። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሽርክያና አይና ከባለቤታቸው ከኃይሌ ገሪማ ጋር «ሳንኮፋ»ን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያወጡ የሚያከፋፍልላቸው ድርጅት ስላላገኙ፣ በየከተማው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት። በዚያው ስም የተከፈተው የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብራቸው በጆርጂያ ጎዳና ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ይገኛል። እስራኤል ውስጥ አዲስ አበባ የተወለዱት ዓለምወርቅ ዴቪድያን በደርግ መጨረሻ ዓመታት ስለምትኖር አንዲት ልጅ በሠሩት የመጀመሪያ ረጅም ፊልማቸው እ.ኤ.አ. በ2018 በቶሮንቶ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ለሴት ዳይሬክተሮች የሚሰጠውን የኦውደንሺያ ሽልማት አግኝተዋል። ጄሲካ በሽር ደግሞ ሐረር ላይ ዐሥር ዓመት ያህል የቀረጹትን «ፋያ ዳዪ»ን በዳይሬክተርነትም በፕሮዲውሰርነትም በካሜራም ይዘው እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ለሚካሄደው የሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል አድርሰዋል።

አገር ውስጥ በሩን የከፈተው ቪዲዮ ነው። ሴሉሎይድ (የፊልም ጥቅል) ቀርቶ በካሴት ከዚያም በዲጂታል ካሜራ ፊልም መሥራት ሲቻል ወጪው ወረደ፤ ፊልም ለመሥራት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ መሆን አስፈላጊነቱ ቀረ። ቅድስት ይልማ «ረቡኒ»ን፣ «መባ»ንና «ታዛ»ን፣ ሄርሞን ኃይላይ «ባለ ታክሲው»ንና ኋላም እ.ኤ.አ. በ2015 ቶሮንቶ የታየውን «ፕራይስ ኦፍ ላቭ»ን፣ አምለሰት ሙጬ «ምን አለሽ»ን ያዘጋጁት በዚህ መንገድ ነው። ትወናውን ትታ ወይም ይዛ ወደ ዳይሬክቲንግ የምትሻገር ተዋናይ መኖሯም የተለመደ ሆኗል፤ ስሟ ፖስተር ላይ ተመልካች ስለሚስብ ገንዘብ ማሰባሰቡ ከሌላው ይቀላታል።

በቴሌቪዥኑ በኩል የብሩክታዊት ጥጋቡ ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ከባለቤታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሥርተው፣ ከካልሲ በተሠራች ቀጭኔ አሻንጉሊት «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ ይቀርጹ ነበር። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ፕራይዝንና የፕሪ ዠኔስን ሽልማት አገኘ። ከዚያ በተረፈው ልምድ «ጥበብ ገርልስ» የተባለው አኒሜሽን ተከተለ። አንድ ገጸ ባሕርይ የድርጅቱ ንብረት ሆና ስትቆይ በመጽሐፍም በሬዲዮም ትሸጣለች፤ ለአንድ ጣቢያ ጠቅልለው የሰጧት ገጸ ባሕርይ ግን ኮንትራቱ ሲያበቃ አብራ ትሄዳለች።

አሁን ወደ ቀረጻው ቦታ። ሜካፕ፣ አልባሳትና ኮንቲኒዩቲ (አንዱ ሾት ከሌላው እንዲገጥም ዝርዝሩን የመከታተል ሥራ) «የሴት ሥራ» ተደርገው ተለይተዋል። ካሜራ፣ መብራትና ድምፅ የወንድ ናቸው፤ «ካሜራማን» የሚለው ስም ሴቷንም አይምርም። ከሦስቱ ወደ ላይ የሚያወጣው ኮንቲኒዩቲ ነው። ክፍያው ዝቅ ያለ፣ ጭንቀቱ ከዳይሬክተሩ የማያንስ ሥራ ሲሆን፣ ፊልሙን ከነመጋጠሚያው በቃሏ የምትይዘው ግን ኮንቲኒዩቲዋ ናት። በደብተሯ ላይ የሲን (የትዕይንት) ቁጥር፣ ሾት (ካሜራው ከአንድ ቦታ የያዘው ምስል)፣ ቴክ (ያው ሾት የተቀረጸበት ዙር)፣ የቴኩ ርዝመት በሰከንድ፣ የሌንሱ ዓይነት፣ ዳይሬክተሩ የወደደው የትኛው እንደሆነና ተዋናዩ በየትኛው ቃል ላይ ምን እንዳደረገ ይሰፍራል። ፎቶ በስልክ ታነሣለች፤ ፎቶው ያለ ሲንና ቴክ ቁጥር ከቀረ ግን በሦስተኛው ቀን ማንም አይለየውም።

የቡና ሲን የሚባለውን እንውሰድ፤ ኮንቲኒዩቲ የሚፈተነው እዚያ ነው። በስክሪፕት 3 ደቂቃ የሆነው ሲን ቀረጻው ከጠዋት እስከ ቀትር ይፈጃል። ሰፊው ሾት ሲነሣ ስኒዎቹ ሙሉ ነበሩ፤ ወደ ቅርብ ሾት ሲገባ አንዱ ተዋናይ ፉት ብሎታል። ዕጣኑ መጀመሪያ ቤቱን ሞልቶት ነበር፤ አሁን ጭሱ ስለሳሳ ሁለቱ ሾቶች ሲቀጠሉ ክፍሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር መካከል ጥርት ይላል። መፍትሔው ጭስ ያለባቸውን ሾቶች አከታትሎ መጨረስ፣ ከእያንዳንዱ ቴክ በፊት እኩል ቁንጥር ዕጣን መጨመርና መስኮቱን አለመክፈት ነው። ቡናው አቦል ነው ወይስ በረካ የሚለውም መወሰን አለበት፤ ቀለሙ ይለያል። ነጠላም እንዲሁ ነው። ለቅሶ ቤት ነጠላዋን ዘቅዝቃ የለበሰች ገጸ ባሕርይ ከምሳ በኋላ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ ከተመለሰች ኤዲቲንግ አያድነውም፤ ተመልካቹ ለቅሶ ያውቃል። ሹሩባ ደግሞ ሁለት ሳምንት ለሚፈጅ ቀረጻ ከባድ ነው፤ የፈረሰውን ያንኑ እጅ ካልሠራው መስመሩ አይገጥምም።

ሰዓት ቆጠራውም የኮንቲኒዩቲዋ ነው። አንድ ገጽ ስክሪፕት አንድ ደቂቃ ነው የሚለው የውጭ ሕግ በፊደል ለተጻፈ ንግግር አይሠራም። እያንዳንዱ ፊደል ሙሉ ድምፅ ስለሚይዝ በአንድ ገጽ ላይ የሚገባው ንግግር ብዙ ነው። 90 ገጽ ጽፎ የ90 ደቂቃ ፊልም የጠበቀ ሰው ከሁለት ሰዓት ያለፈ ጥሬ ቅንብር ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ስክሪፕቱ ድምፅ ከፍ ተደርጎ፣ ዝምታውም ጭምር በሰዓት ተይዞ ከቀረጻ በፊት መነበብ አለበት። ይህን የምትሠራ ኮንቲኒዩቲ ሁለትና ሦስት ፊልም ከሠራች በኋላ የቀረጻ መርሐ ግብር ማውጣት ይቀላታል፤ ረዳት ዳይሬክተርነት ከዚያ አንድ እርምጃ ነው።

ወደ ካሜራና መብራት መግባቱ የሚከብደው ዕቃው ከባድ ስለሆነ አይደለም። ካሜራ የሚከራየው ብዙ ጊዜ ከነባለሙያውና ከነረዳቱ ነው፤ ረዳቱን ደግሞ ካሜራማኑ ከጓደኞቹ ይመርጣል። በዚህ ክበብ ውስጥ መግቢያው የሚገኘው ማንም በማይጣላበት ሥራ ነው፤ እሱም ዳታ መገልበጥ (የተቀረጸውን ከካሜራው ካርድ ወደ ሃርድ ዲስክ መቅዳት)። በሴኮንድ 100 ሜጋ ቢት በሚቀርጽ ካሜራ አንድ ሰዓት 45 ጊጋ ባይት ይወስዳል። በቀን 4 ሰዓት ጥሬ ቀረጻ ካለ 180 ጊጋ ባይት፣ በ20 ቀን 3.6 ቴራ ባይት፣ በሦስት ቅጂ ወደ 11 ቴራ ባይት ይሆናል ማለት ነው። ሁለት ሃርድ ዲስክ በአንድ ቦርሳ ውስጥ ካደሩ አንድ ናቸው፤ ቦርሳው ከጠፋ ሁለቱም ጠፉ። አንዱ ፕሮዲውሰሯ ቤት፣ አንዱ ኤዲተሩ ዘንድ፣ ሦስተኛው ሌላ ቦታ። በካርዱ ላይ ያለውም ቅጂው ተከፍቶ እስኪታይ አይደመሰስም። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ግልበጣው መሃል ላይ ከተቋረጠ የፋይሉ ስም ይታያል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው።

ካሜራውን ለያዘችውም አንድ ወጥመድ አለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። በሴኮንድ 24 ፍሬም የሚቀርጽ ካሜራ ሻተሩ (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/48 ላይ ከተተወ በፍሎረሰንት ወይም በርካሽ ኤልኢዲ መብራት ሥር ምስሉ ይርገበገባል። 1/50 ማድረግ፣ ወይም ሻተሩ በዲግሪ ለሚለካበት ካሜራ 172.8 ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ለቴሌቪዥን ከሆነ ከመነሻው በ25 ፍሬም መቅረጽ ይሻላል። በድምፅ በኩል የክረምት ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲያርፍ የትኛውም ማይክ አያድንም፤ የቤት ውስጥ ንግግር ያለባቸው ሲኖች ከሰኔ በፊት ቢያልቁ ጥሩ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ሲኒማ ቤት የሚገባው ፊልም የትኬቱን ገቢ ከሲኒማ ቤቱ ጋር ይካፈላል፤ ገቢው በየሳምንቱ ስለሚመዘን በሁለተኛው ሳምንት ተመልካች ያጣ ፊልም ሰዓቱን ለሌላ ይለቃል። በዐቢይ ጾም የሚወጣ የፍቅር ኮሜዲ አይመከርም፤ ለፋሲካ ቢያዝ ይሻላል። በቴሌቪዥን ደግሞ ጣቢያው ሥራውን ይገዛል፣ ወይም ገቢ ይካፈላል፣ ወይም ፕሮዲውሰሯ የአየር ሰዓት ገዝታ ስፖንሰር ራሷ ትፈልጋለች። ሦስተኛው ብዙዎችን አክስሯል። በ2011 ዓ.ም. በብሮድካስት የአልኮል ማስታወቂያ ሲከለከል የቢራ ፋብሪካዎች ስፖንሰርነት በአንድ ጊዜ ደረቀ፤ በአንድ ስፖንሰር ላይ ቆመው የነበሩት ሾዎችም ተንገዳገዱ። ለ13 ሳምንት አየር ሰዓት የሚፈርም ሰው ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን 4 ክፍሎች አጠናቆ መያዝ አለበት፤ የሚታየውን ሳምንት እየቀረጹ መሄድ አንድ ተዋናይ ሲታመም ያበቃል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እንደ አቦል ያሉ የክፍያ ቻናሎች አስቀድመው ከፍለው ማሠራታቸው ትንፋሽ ሰጥቷል፤ ያን ጊዜ ግን መብቱ በአብዛኛው የከፋዩ ነው።

መብት ካልን፣ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብት ማስተላለፍ በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል። በተግባር ግን ስክሪፕት በቃል ይሸጣል፣ «ፊልሙ ሲወጣ እንነጋገራለን» ይባላል። ውሉ ሊይዛቸው የሚገባው ብዙ አይደለም፤ ጠቅላላ ክፍያው በሦስት ተከፍሎ ሲፈረም፣ ሥራው ሲጀመርና ሲያልቅ መቼ እንደሚሰጥ፣ ስሟ በየትኛው ሙያ በፖስተሩና በፊልሙ ላይ እንደሚጻፍ፣ የዩቲዩብና የውጭ ሽያጭ ድርሻው፣ ቀረጻው ቢራዘም በቀን ስንት እንደሚታሰብ። የዩቲዩቡ አንቀጽ ቀድሞ ይረሳ ነበር፤ ዛሬ ከሲኒማው ገቢ ይልቅ ጠብ የሚያስነሣው እሱ ነው። የግብር ከፋይ ቁጥር ሳያወጡ በግል መሥራትም ያስከፍላል፤ ቁጥር ከሌለ ከክፍያው ላይ የሚቀነሰው ግብር በብዙ እጥፍ ይጨምራል። እውነተኛ ታሪክ ለሚሠሩት የባለታሪኩ ፈቃድ ከሁሉ ይቀድማል፤ ዶክተር ምሕረት ማንደፍሮ በፕሮዲውሰርነት የተሳተፉበት «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾች ሽልማት አግኝቶ ሲመለስ፣ የአዲስ አበባው ምርቃት በፍርድ ቤት እግድ በዚያው ምሽት ተቋርጧል።

የሥራ ሰዓቱ ሌላው እንቅፋት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለተቀጠረች ሴት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ይሰጣል። በፊልም በፊልም የምትሠራዋ ግን ተቀጣሪ አይደለችም፤ ሁለት ሥራ ካለፋት ሦስተኛው ላይ የሚያስታውሳት የለም። እናቶች ወደ ኤዲቲንግና ወደ ስክሪፕት የሚያዘነብሉት ቤት ሆኖ ስለሚሠራ ነው። የሌሊት ቀረጻ ካለ መኪና በጀቱ ውስጥ ይግባ፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ «ራይድ ጥሪ» ማለት በጀት አይደለም። ለተዋናይት ምርጫ ደግሞ ቢሮ ውስጥ፣ በቀን፣ ሁለት ሰው ባለበት ማድረግ ከብዙ ጣጣ ይጠብቃል። ሴት ፕሮዲውሰሮች ያሉባቸው ቡድኖች ይህን መልመዳቸው በግልጽ ይታያል።

ከውጭ ቡድን ጋር ስትሠራ የሚፈጠረው ስሕተት ደግሞ አስቂኝም አሳዛኝም ነው። ኮል ሺት (የቀኑ የቀረጻ ጥሪ ወረቀት) ላይ «12 ሰዓት» ከተጻፈ አበሻው ንጋት ላይ ይመጣል፣ ፈረንጁ ቀትር ላይ። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ፣ ቀኑንም በሁለቱም መቁጠሪያ ማስፈር የላይን ፕሮዲውሰር (የቀን ተቀን ቀረጻውንና በጀቱን የሚመራው ሰው) የመጀመሪያ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የካን ፊልም ፌስቲቫል ተሳታፊ «ላምብ» በፕሮዲውሰሯ በአማ አምፓዱ እጅ የተሠራና በሴት ሲኒማቶግራፈር የተቀረጸ ነበር፤ እንዲህ ባሉ ሥራዎች ላይ በረዳትነት የተሰለፉ ወጣቶች የደረሰኝ አያያዝን፣ የኢንሹራንስን ወረቀትና የውጭ ፈንድ ሪፖርትን ይማራሉ። ለፈንድ ማመልከቻ የሚጠየቀው ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነው፦ የአንድ ገጽ ታሪክ፣ የዳይሬክተሯ መግለጫ፣ በጀት፣ ቀድሞ የተሠራ ናሙና። ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው በናሙናው ነው፤ የ10 ደቂቃ አጭር ፊልም የሌላት ሰው የ90 ደቂቃ ገንዘብ አይሰጣትም።

በመጨረሻ የሚቀረው ማስተሩ (ዋናው ቅጂ) ነው። በሚኒ ዲቪ ካሴት የተቀረጹ የ1990ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) ፊልሞች ብዙዎቹ ዛሬ የሚገኙት ከሲዲ ላይ በተቀዳ ደብዛዛ ቅጂ ብቻ ነው። ካሴቱን ያስቀመጠች ፕሮዲውሰር ግን የሚያጫውት ካሜራና ካሜራውን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ ፋየርዋየር ገመድ ካገኘች ፊልሙን እንደገና አውጥታ መሸጥ ትችላለች። ካሴቱ ቀጥ ብሎ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ፤ ከመገልበጡ በፊት አንዴ እስከ ጫፍ ሄዶ ይጠቅለል።