«ጋዙ ጉልበቴ ገባ»፦ ስለ ሆድና መገጣጠሚያ ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቡና ላይ አንዷ ጉልበቷን ስትዳስስ ሌላዋ «ጨጓራሽን ታይው እንጂ» ትላታለች። ነገሩ መሠረት የለውም አይባልም፤ ሆድና መገጣጠሚያ ይገናኛሉ። የሚገናኙበት መንገድ ግን ብዙ ጊዜ እኛ የምናስበው አይደለም።

«የሆድ ጋዝ መገጣጠሚያ ውስጥ ይገባል።»
አይገባም። ጋዝ በላይም በታችም ይወጣል፤ ጥቂቱ ወደ ደም ሰርጎ በትንፋሽ ይወጣል። ሰውን የሚያሳስተው ጣት ሲታጠፍ «ቋ» የሚለው ድምፅ ይመስለኛል። እሱ እዚያው መገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ የሚፈጠር አረፋ ነው።

«ክኒኑ ጨጓራዬን ስለሚልጠው በመርፌ እወስደዋለሁ።»
ይህ ከሁሉም ያሳስበኛል። የሕመም ማስታገሻዎቹ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይቀንሳሉ። ይህ ንጥረ ነገር ጉልበት ላይ ሕመምና እብጠት ያባብሳል፤ ጨጓራ ውስጥ ግን ግድግዳውን ከአሲድ ይጠብቃል። መድኃኒቱ በደም ዞሮ ጨጓራ ስለሚደርስ በአፍም ገባ በመርፌ ጉዳቱ አይቀርም። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው ይብሳል። እንግዲህ «ጨጓራዬ ጉልበቴን አሳመመው» የሚለው ሰው ታሪኩ ሲጣራ ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ይገኛል፤ ለጉልበቱ ለወራት የዋጠው ማስታገሻ ነው ጨጓራውን ያቆሰለው። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ከታየ ጨጓራ እየደማ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

«ተቅማጡ ከዳነ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ከጉልበቴ ጋር ምን አገናኘው?»
ሊያገናኘው ይችላል። ሳልሞኔላ፣ ሺጌላ ወይም ካምፒሎባክተር የሚባል ባክቴሪያ ካመጣው ተቅማጥ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ የሰውነት መከላከያ በራሱ መገጣጠሚያ ላይ ሊነሳ ይችላል። ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት ያብጣል፤ አንዳንዴ ዓይን ይቀላል፣ ሽንት ያቃጥላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ ሐኪሞች ተቅማጥ በያዛቸው ወታደሮች ላይ አይተው ጽፈውታል። አብዛኛው ሰው በወራት ውስጥ ይድናል። ችግሩ ሐኪሙ ስለ ጉልበት ሲጠይቅ እኛም ስለ ጉልበት ብቻ መመለሳችን ነው፤ ያለፈውን ተቅማጥ ማን ያነሳል?

«ጥሬ ወተት ሆዴን ካልነፋኝ ምን ያደርገኛል?»
ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት የሚተላለፍ በሽታ ሆድን ሳያውክ በወተቱ ገብቶ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል። ሕክምናው ቢያንስ 6 ሳምንት መድኃኒት መውሰድ ነው። ወተቱን ማፍላት ደግሞ ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይፈጅም።

«ሪህ የሥጋ በላተኛ በሽታ ነው።»
በከፊል። ጥሬ ሥጋና ኩላሊት ሪህን የሚያመጣውን ዩሪክ አሲድ ይጨምራሉ፤ ቢራም እንዲሁ። ሁዳዴን ሥጋ ሳይቀምስ ሰንብቶ የእግሩ አውራ ጣት በሌሊት ሲነድ የሚገርመው ሰው፣ ማታ ማታ ስለሚጠጣው ቢራ ቢጠየቅ «እሱማ ጾም ነው» ይላል።