በጀርባ የማንጋለል ፈተና፦ የሚቆጠረው ርግጫ ነው ወይስ ትግል?

የአሳማ ግልገሎችን ጠባይ የሚመዘግቡ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ግልገል የተለያየ ቁጥር ይዘው የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ርግጫ፣ ሌላው ትግል ስለሚቆጥር ነው። የሚቆጠረው ትግል ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኔዘርላንድ ውስጥ በጥናት የታወቀው ይህ በጀርባ የማንጋለል ፈተና ግልገሉ ሲያዝ የሚያሳየውን እምቢታ ይለካል፤ 60 ሰከንድ ይፈጃል። ግልገሉ በጀርባው ይንጋለላል፤ አንድ እጅ ደረቱ ላይ ቀለል ብሎ ያርፋል፣ ሌላው የኋላ እግሮቹን ላላ አድርጎ ይይዛል። ሳያቋርጥ እስከተፈራገጠ ድረስ፣ አሥር ጊዜም ቢራገጥ፣ አንድ ትግል ነው። በግልጽ አርፎ እንደገና ሲጀምር ሁለተኛው ይቆጠራል።

ለምሳሌ ከ5ኛው እስከ 12ኛው ሰከንድ ታገለ እንበል። ዝም አለ፤ በ30ኛው ለአፍታ ተፈራገጠና አረፈ፤ ከ50ኛው እስከ መጨረሻው ታገለ። ውጤቱ 3 ነው። ጩኸት ለብቻው ይመዘገባል፤ እየጮኸ የማይታገል አለና።

ውጤቱን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው አጥብቆ መያዝ ነው። መላወስ ያልቻለ ግልገል ያለ ጠባዩ «ጭምት» ተብሎ ይጻፋል።

ከአጥኚ አጥኚ የሚለያየው ግልገሉ የሚፈተንበት ዕድሜና «ታጋይ» የሚያሰኘው የትግል ብዛት ነው። በ10ኛውና በ17ኛው ቀን የሚደግሙት አሉ፤ ሌሎች ቀኑን ይለውጣሉ። «ታጋይ» ለመባል ስንት ትግል እንደሚበቃ አንድ ወጥ ስምምነት የለም፤ ግልገሎቹን ለሁለት መክፈሉን ጭራሽ የማይቀበሉም አሉ። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ስያሜውን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩን ራሱን መጻፍ ይሻላል። ደግሞም ብዙ የታገለ ሁሉ ተናካሽ ነው ማለት አይደለም፤ የተለካው ሲያዝ የሚያሳየው እምቢታ ነው።