ኔትወርክ ኢንተርኮም ምንድን ነው?

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲያስመርቅ ወይም ስታዲየሙ ሲሞላ ሕዝቡ የሚሰማው ሙዚቃውን፣ ንግግሩንና ጭብጨባውን ነው። ከጀርባ ግን ሌላ ወሬ አለ። «ካሜራ ሁለት፣ ወደ ክብር እንግዳው ዙር።» «የመድረኩ ማይክ ጠፍቷል፣ ሰው ላኩ!» «ሙዚቃ ተዘጋጅ... ልቀቀው!» ይህን የሚባባሉት ዳይሬክተሩ፣ ካሜራ የያዙት፣ ሚክሰር ላይ የተቀመጠው ባለሙያና መድረኩን የሚመራው ሰው ናቸው። የሚነጋገሩበት መሣሪያ ኢንተርኮም ይባላል።

በብዙ ዝግጅቶቻችን ይህን ሥራ የሚሠራው ሞባይል ነው። ይደወላል፣ በቴሌግራም ድምፅ ይላካል፣ ሲብስም በእጅ ምልክት ይሰጣል። ለትንሽ ሠርግ ያስኬዳል። ሜዳው በሰው ሲጨናነቅ ግን ሰውየው ስልኩን አንስቶ «ሃሎ» እስኪል ጎሉ ገብቶ አልቋል።

የድሮው መፍትሔ ፓርቲ ላይን የሚሉት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የተመሠረተው የአሜሪካው ክሊርኮም በዚህ ስሙን ያገነነ ኩባንያ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ባለ ሦስት እግር ተራ የማይክ ኬብል ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ይቀጣጠላል። አንዱ ሽቦ መሬት ነው፣ አንዱ ወደ 30 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ይወስዳል፣ አንዱ ድምፅ ይወስዳል። ሁሉም ሰው ወገቡ ላይ ቤልትፓክ የሚሉትን ባለ ቁልፍ ትንሽ ሳጥን፣ ጆሮው ላይ ሄድሴት ያደርጋል፤ አለቀ። ሲበላሽ ብየዳ የሚችል ሰው በአሥር ደቂቃ ያስተካክለዋል። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ያልሞተው። ችግሩ ሁሉም ሁሉን መስማቱ ነው። የመብራት ባለሙያውና የካሜራ ባለሙያው በአንድ መስመር ላይ ሲንጫጩ ዳይሬክተሩ የሚሰማው የለም። ገመዱ ከጄኔሬተር መስመር ጋር ጎን ለጎን ከተዘረጋም «እእእ» የሚል ድምፅ ይገባበታል።

ኔትወርክ ኢንተርኮም ደግሞ ድምፁን ወደ ቁጥር ቀይሮ በኮምፒውተር ኬብል የሚልክ ነው። ኔትወርክ ስል የቴሌውን ማለቴ አይደለም፤ በዝግጅቱ ቦታ ላይ በኬብልና ኬብሎቹ ሁሉ በሚሰኩበት ስዊች በሚባል ሳጥን የሚዘረጋውን የራሱን ነው። ማይክራፎኑ የያዘው ድምፅ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልኬት 24 ቢት ነው። ሲባዛ በሰከንድ 1.15 ሜጋቢት ገደማ ይመጣል፤ ለዛሬ ኬብል ኢምንት ነው። ልኬቶቹ በትንንሽ ጥቅል ይታሰሩና አድራሻ ተጽፎባቸው ይላካሉ። የጅማን ባጃጆች አስቡ። በአንድ አስፋልት ላይ ስንቱ ይሄዳል፤ አንዱ መርካቶ ይወርዳል፣ ሌላው ዩኒቨርሲቲ በር ላይ። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የራሱ መንገድ አልተሠራለትም። ዳንቴ የተባለው ቴክኖሎጂ በአንድ ጊጋቢት ኬብል በእያንዳንዱ አቅጣጫ እስከ 512 ቻናል ድምፅ ያስተላልፋል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ማን ማንን ይሰማል የሚለውን የሚወስነው ገመዱ ሳይሆን ማትሪክስ የሚባለው ክፍል ነው። ኮምፒውተር ላይ ሰንጠረዥ ይከፈታል፤ ተናጋሪዎች በአንድ በኩል፣ ሰሚዎች በሌላ በኩል። የሚገናኙበት ነጥብ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ቤልትፓኩ ላይ ያሉት ቁልፎች ስም ይሰጣቸዋል፦ «ካሜራ»፣ «መድረክ»፣ «ሁሉም»። ዳይሬክተሩ «መድረክ» የሚለውን ሲጫን መድረክ ላይ ያለው ብቻ ይሰማዋል። በብዙዎቹ ላይ ቁልፉን ተጭኖ መያዝ ለአጭር ንግግር ነው፤ ነካ አድርጎ መልቀቅ ደግሞ መስመሩን ክፍት ይተወዋል። ክፍት ተደርጎ ሲረሳ ጉድ ነው። የአንዱ ቡና ፉት ማለት በሌላው ሁሉ ጆሮ ውስጥ ይገባል።

ጅማ ላይ ሌላም ጥቅም አለው። ብዙ መድረክ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይመራል። አስተርጓሚ ካለ የሁለቱም ቋንቋ ድምፅ በየራሱ ቻናል በዚያው ኬብል ይሄዳል፤ አድማጩም ሬዲዮውም የፈለገውን ይወስዳል።

ብዙ ሰው የማይገምተው የሰዓቱን ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ውስጥ የራሱ ሰዓት አለ፤ ሁለት ሰዓቶች ደግሞ መቼም እኩል አይሄዱም። አንዱ 48,000 ሲቆጥር ሌላው በጥቂት ቁጥር ከበለጠ ትርፉ ይጠራቀምና ድምፁ መሀል ላይ «ጠቅ፣ ጠቅ» ይላል። ለዚህ ፒቲፒ የሚባል ሥርዓት አለ። መሣሪያዎቹ በራሳቸው አንድ መሪ ሰዓት ይመርጣሉ፣ ሌሎቹ ይከተሉታል። ልዩነታቸው ከሚሊዮንኛ ሰከንድ ብዙም አይርቅም። መዘግየቱም ቢሆን አያስፈራም። ብዙ ጊዜ 1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው፤ በዚያ ጊዜ ድምፅ በአየር ላይ የሚጓዘው 34 ሳንቲሜትር ብቻ ነው።

ዳንቴን የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሠረተው የአውስትራሊያው ኦዲኔት ነው። ራቬና የሚባል የጀርመን ተፎካካሪም አለው። እንዳይግባቡ ሆነው እንዳይቀሩ ኤኢኤስ67 የተባለ የጋራ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ። ሻጭ «ኤኢኤስ67 አለው፣ ከሁሉም ጋር ይሠራል» ካላችሁ ግማሹን ብቻ እመኑት። ደረጃው የሚያስማማው የድምፁን ጉዞ ነው። መሣሪያዎቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚፈላለጉ፣ ቁልፎቹ ምን እንደሚያዙ አይናገርም። ስለዚህ ቤልትፓኩንና ዋናውን መሣሪያ ከአንድ አምራች መግዛት ይሻላል።

አሁን ወደ ሚያሳስበው። የድሮው መስመር ሲበላሽ ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል ነው የሚበላሽ። ይኼኛው ስዊቹ ከወደቀ አብሮ ይወድቃል። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ በሰከንዶች ይነሣ ይሆናል፤ ስዊቹ ግን እንደ አዲስ ተነሥቶ ሥራ እስኪጀምር ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። በቀጥታ ሥርጭት አንድ ደቂቃ ዘመን ነው። ስለዚህ እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያው ብር የሚወጣው ለሄድሴት ሳይሆን ለስዊቹ ዩፒኤስ ነው፤ መብራት ሲሄድ ኃይል ለሚሰጠው ባለ ባትሪ ሳጥን። በተለይ ቤልትፓኮቹ ኃይላቸውን ከስዊቹ በኬብሉ በኩል የሚያገኙ ከሆነ። አቅም ካለ ደግሞ ሁለተኛ ስዊች ከሁለተኛ ኬብል ጋር ይዘረጋል፤ መሣሪያው የሚደግፈው ከሆነ አንዱ ሲቋረጥ ሰሚው ሳያውቅ በሌላው ይቀጥላል።

ሌላው ጥንቃቄ ትንሽ ነው። የስዊቹን ኃይል ቆጣቢ ሥራ አጥፉት፤ ሰዓቱን ያዛባል። የእንግዶችን ዋይፋይ እዚያው ላይ አትሰኩ። ተራው የኔትወርክ ኬብል ከ100 ሜትር በላይ አያስኬድም፤ ስታዲየም ከሆነ ፋይበር ያስፈልጋል።

ከጅማ አዲስ አበባ ስቱዲዮ መነጋገር ሲመጣ ግን ሕጉ ይለያል። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ በተራ ኢንተርኔት፣ ያ ጥብቅ ሰዓት አይሠራም። ድምፁ እንደ ኦፐስ ባለ ኮዴክ (ድምፅ አሳንሶ በሚልክ ፕሮግራም) ይጨመቃል፤ ጥቅሎቹ እኩል ስለማይደርሱ ተቀባዩ ትንሽ አጠራቅሞ ያጫውታል። መዘግየቱ ያኔ በጆሮ ይታወቃል። ስለዚህ ስታዲየም ያለው የኳስ ዘጋቢ ከስቱዲዮ የሚላክለት ድምፅ የራሱ ድምፅ የተቀነሰበት መሆን አለበት። ሚክስ ማይነስ ይሉታል። ካልተቀነሰ የገዛ ድምፁ ዘግይቶ ጆሮው ውስጥ ይመለሳል፤ ያኔ የቱንም ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆን ምላሱ ይተሳሰራል። ማትሪክሱ ላይ ይህን ማድረግ አንድ ነጥብ ማጥፋት ነው። በድሮው ፓርቲ ላይን አይሞከርም፤ እዚያ ሁሉም ሁሉን ይሰማልና።