ነፋሱ አይደለም የሚያነሳን፦ ስለ ፓራግላይዲንግ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሯጮች ያስጠሯት የኬንያዋ ኢቴን ጫፍ ላይ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከገደሉ ስር የተዘረጋው የኬሪዮ ሸለቆ ከእሷ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ከአውሮፓ ሳይቀር ሰው እየመጣ ከዚህ አፋፍ በፓራግላይደር፣ ማለትም አየር በሚሞላ የጨርቅ ክንፍ፣ ይነሳና ኮረብታውን ተከትሎ ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። እኔም በወቅቱ ሁለት ሰው በሚይዘው ክንፍ እንግዳ ከፊቴ እያስቀመጥኩ አበራለሁ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳም፣ ስልክ የሚደውለው ዘመድም የሚሉኝ ያንኑ ስለሆነ፣ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

«ከአውሮፕላን ነው የምትዘሉት?» አይደለም። ክንፉን መሬት ላይ ዘርግተን፣ አየር ሞልቶት ከራሳችን በላይ ሲቆም፣ ሮጠን እንነሳለን።

«ሞተሩስ የት አለ?» የለም። ሞተር በጀርባ የሚታዘልበት ፓራሞተር ይባላል፤ ሌላ ነገር ነው።

«ወደ ፀሐይ ስለምትጠጉ ይሞቃችኋል።» በየ1,000 ሜትሩ ከ6 እስከ 10 ዲግሪ ይቀዘቅዛል እንጂ! ጃኬትና ጓንት አምጡ ብዬ ለምኜ፣ በቲሸርት መጥቶ ጥርሱ እየተንገጫገጨ የወረደ እንግዳ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። «ዛሬ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ በደንብ ትበራላችሁ!» ይቺ ናት ያንገሸገሸችኝ። የሚናገራት ሰው ደግሞ ሁልጊዜ እርግጠኛ ነው፤ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ወደ ላይ ቀስሮ ያረጋግጥልኛል።

ወንድሜ፣ የእኛ ክንፍ በተለመደው ፍጥነቱ በሰዓት ከ36 እስከ 39 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። ነፋሱ ፊት ለፊት 45 ከነፈሰ ወደ ኋላ ነው የሚወስደን። ከኋላችን ያለው ደግሞ የገደሉ ጀርባ ነው፤ እዚያ አየሩ ተጠቅልሎ ይገለባበጣል፤ አብራሪ ነኝ የሚል ሁሉ የሚሸሸው ቦታ ነው። ስለዚህ ነፋሱ የበረታ ቀን እኛ ሻይ የምንጠጣበት ቀን ነው። ኢቴን ላይ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አካባቢ ለመነሳት የምንጣደፈውም ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ነፋሱ ስለሚበረታ ነው።

ነፋስ ምንም አያነሳም አላልኩም። ገደል ሲመታ ወደ ላይ ይዞራል፤ በእሱ ላይ ተንሳፍፎ በገደሉ ፊት ወዲያ ወዲህ ማለት ይቻላል። ሸለቆውን ልሻገር፣ ማዶ ያለውን የቱገን ኮረብታ ልያዝ ያለ ሰውን ግን ተከትሎት አይሄድም። ከኋላ ሲገፋ ርቀት ይጨምራል፤ ይህንንም አልክድም። በ2021 ቴክሳስ ውስጥ አንድ አብራሪ በአንድ ቀን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሄድ ነፋሱ ከኋላው ነበር። አየር ላይ ያቆየው ግን ነፋሱ አይደለም፤ ፀሐይ ያሞቀችው መሬት ነው።

የኢቴን ገደል ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ ታገኘዋለች። አለቱ፣ የታረሰው ደረቅ ማሳ፣ ቆርቆሮ ጣራ የበዛበት መንደር ቶሎ ይግላል፤ ጫካውና እርጥቡ መሬት ይዘገያል። የጋለው መሬት ከላዩ ያለውን አየር ያሞቀዋል፤ አየሩም ይቀልና፣ ሽሮ ሲንተከተክ ከድስቱ ስር እብጥ እያለ እንደሚወጣው፣ ከመሬት ተላቆ ይነሳል። እኛ ተርማል የምንለው ይህንን ነው። ክንፋችን በራሱ ሁልጊዜ እየወረደ ነው፤ በሰከንድ ከ1 ሜትር ትንሽ በለጥ ይላል። አየሩ በሰከንድ 3 ሜትር የሚወጣ ከሆነ ግን እኛም ወደ 2 ሜትር ገደማ እየወጣን ነው።

ተርማሉ አይታይም፤ ይሰማል። መጀመሪያ የግራ ክንፍ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ የግራ ጭኔን የያዘው ቀበቶ ሳብ ያደርገኛል፣ የምንወጣበትን ፍጥነት የሚለካው መሣሪያ፣ ቫሪዮ፣ ጢጥ ጢጥ ይላል። ወደዚያው ጎን እዞራለሁ። ድምፁ ከፈጠነ መሃሉን አግኝቻለሁ፤ ከዘገየ ስቼዋለሁ። ደህና ተርማል ውስጥ ሲገባ የገለባ ብጣሽ ከሸለቆው ተነስቶ በአጠገባችን ሽቅብ ሲያልፍ ይታያል፣ የፍየል በረት ሽታም ይመጣል። ከመሣሪያው ይበልጥ የማምነው ግን አሞራን ነው፤ ሳያራግብ እየዞረ ከወጣ፣ እኔም እዚያው ነኝ። ከደመናው ስር ስንደርስ አቅጣጫ ይዘን እንንሸራተታለን፤ 1 ኪሎ ሜትር ከፍታ በረጋ አየር 8 ወይም 9 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ከዚያ ሌላ ተርማል፣ እንደገና ሽቅብ። የቀኑ ጉዞ በሙሉ ይኸው ነው።

አንድ ነጋዴ እንግዳዬ ቅጠል በማይነቃነቅበት ጠዋት «ገንዘቤን መልስልኝ» ሊለኝ ምንም አልቀረው። ለመነሳት ትንሽ ሮጠን ላባችን መጣ እንጂ፣ ብዙ ሳይቆይ የኢቴንን ጣሪያዎች ከጫማው ስር እያየ ነበር። ሲወርድ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ላይ ላይ ነፋስ ነበር ማለት ነው!»

«ደመና ውስጥ መግባትስ ምን ይመስል ይሆን!» በ2007 አውስትራሊያ ውስጥ ኤቫ ቪሽነርስካ የተባለች ጀርመናዊት አብራሪን የነጎድጓድ ደመና ጎትቶ ከ9,900 ሜትር በላይ አወጣት። ራሷን ስታ፣ በበረዶ ተሸፍና፣ በተአምር ተረፈች፤ በዚያው ቀን ደመናው የዋጠው ቻይናዊ አብራሪ ግን ሞቷል። ደመናው ወደ ላይ ማበጥ ከጀመረ፣ የሆዱም ቀለም ከጠቆረ፣ ቀድሞ መሸሽ ብቻ ነው።

«ክንፉ ከታጠፈ አለቀ።» ለጀማሪ የሚሠሩ ክንፎች አብዛኛውን ጊዜ ታጥፈው ራሳቸው ይከፈታሉ፤ ካልሆነም መጠባበቂያ ፓራሹት አለ። ሁለቱም ግን ከፍታ ይፈልጋሉ፤ የሚያሰጋው መሬት አጠገብ የሚሆነው ነው። እንግዳ ሁሉ ሰማዩን ይፈራል፤ እኔ ስንነሳና ስናርፍ ነው እግራችሁን የምጠብቀው። ሩጡ ስል ሩጡ፤ መቀመጫ ላይ ዘፍ እንዳትሉ።

«የተነሳንበት እንመለሳለን አይደል?» አየሩ ከፈቀደ። ካልፈቀደ ሸለቆው ውስጥ፣ ከግራሩ እሾህና ከማንጎው ዛፍ የተረፈ ሜዳ ፈልገን እናርፋለን፤ ከኬሪዮ ወንዝ ግን እንርቃለን፤ አዞ አለበት። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ ውሃ፣ ቻርጅ የተደረገ ስልክ ይዛችሁ ኑ። ስናርፍ የሚከቡን ልጆች ገመዱ እንዳይጠላልፋቸው ክንፉን ቶሎ ሰብስቡልኝ። ዝርዝር ሽልንግም አትርሱ፤ ወደ ኢቴን የሚመልሰን ሞተረኛ መልስ ኖሮት አያውቅም።